በዜሮ ማርሽ አልወርድም

ዓርብ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ሀዋሳ

ከሀዋሳ የወጣሁት ቁልቁለት መውረድ ልማር ነው። ይህን ስናገር የማይስቅ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ይሳቁ። አሥራ አንድ ዓመት መሪ ይዣለሁ፤ በእነዚህ ዓመታት ሁሉ አንድ ባጃጅ እንኳ አልነካሁም። በሀዋሳ መንገድ ላይ ባጃጅ አለመንካት ደግሞ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ግን ሀዋሳ ሜዳ ናት፤ ሜዳ ላይ የተማረ ሹፌር እዚያው ሜዳ ላይ እንዲቀር ይፈረድበታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። መሥሪያ ቤታችን በሲዳማ ደጋ ላሉ ጤና ኬላዎች ክትባትና መድኃኒት ያደርሳል። እኔ የማደርሰው ግን አለቆችን ነው። ከቢሮ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያ ሆቴል፣ ከሆቴል መልሶ ቢሮ። የመስክ መኪና ሹፌርነት ቦታ ሲከፈት ሁለት ጊዜ አመለከትኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ የስምሪት ኃላፊያችን አቶ ታምራት «አንቺ ለከተማ ጎበዝ ነሽ» ብለው መለሱኝ። ጎበዝ ነሽ እየተባልኩ በር ሲዘጋብኝ ከስድብ በላይ ያንገበግበኛል።

ባለፈው ሳምንት ቦታው እንደገና ተከፈተ፣ እኔም እንደገና አመለከትኩ። አቶ ታምራት ሹፌሮች በተሰበሰቡበት ማመልከቻዬን ከፍ አድርገው ይዘው «ዘነበች፣ አንቺ የምታውቂው ቁልቁለት ከታቦር ተራራ እስከ አሞራ ገደል ነው፤ የደጋው ሌላ ነው» አሉ። ሁሉም ሳቀ። አብሮኝ ምሳ የሚበላውም ሳቀ።

«እንግዲያው ይፈትኑኝ» አልኳቸው።

ያላሰቡት ነገር ነበር። ሰው ፊት ስለሆነ ግን እሺ አሉ። «ሰኞ ክትባት ወደ ሁላ ወረዳ ይወጣል። ሀገረ ሰላም ላይ ጠብቂኝ። ጫማ አውልቅን ካወረድሽኝ እፈርማለሁ። ካቃተሽ ግን ሁለተኛ እንዳታመለክቺ፤ ቦታው በማግስቱ ለውጭ ሰው ይለጠፋል።»

ጫማ አውልቅ ከሀገረ ሰላም ወዲያ ያለ የጥርጊያ መንገድ ቁልቁለት ነው። በዝናብ ጊዜ ገበያተኛው ጫማውን በእጁ ይዞ ስለሚወርደው ሹፌሮች ያወጡለት ስም ነው። ከሥሩ ጤና ኬላ አለ። ከላይ እስከ ታች ቀይ ሸክላ አፈር ነው፣ በግራ በኩል ገደል አለው።

ሦስት ቀን ነበረኝ። መካኒክ የሆነ ጎረቤቴ ከጋሽ ዳንጊሶ ጋር አገናኘኝ። ጋሽ ዳንጊሶ የሁላ ሰው ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት የቀርከሃና የቡና የጭነት መኪና ነድተው ጡረታ ወጥተዋል፤ አሁን ያላቸው አንዲት ያረጀች ደብል ጋቢና ፒክአፕ ናት። ልጃቸውን ሊጠይቁ ሀዋሳ መጥተው ስለነበር አብረን እንድንወጣ ተስማማን። ቅድመ ሁኔታቸው አንድ ብቻ ነበር፦ «ሦስት ቀን እኔን ትሰሚያለሽ። በአራተኛው ቀን ማንንም አትሰሚም።»

ነዳጅ ሰልፍ ላይ ሁለት ሰዓት ያህል ቆመን፣ በቱላ በኩል ወጣን።

ከረፋዱ አራት ሰዓት፣ አፖስቶ

እስከ አፖስቶ ያለውን አስፋልት እኔ ነዳሁ። ግራና ቀኙ እንሰት፣ በእንሰቱ መሃል ቡና፣ በቡናው መሃል ደግሞ ከየት መጣ የማይባል ሞተር ሳይክል። አፖስቶ ላይ አናናስ ሻጮቹ መኪናዋን ከበቧት። ሦስት አናናስ በሁለት መቶ ብር ገዛሁ፤ ጋሽ ዳንጊሶ «ተታለልሽ» ብለው እስከ ይርጋለም አሾፉብኝ፤ አንዱን ግን ብቻቸውን ጨረሱት።

አለታ ወንዶን አልፈን፣ መሪው እኔ እጅ እንዳለ፣ ዳገቱ ጀመረ። አየሩ ቀዘቀዘ፣ ጭጋጉ መስታወቱ ላይ ይቀመጥ ጀመር። ዳገቱ መሃል መሃል ላይ ወደ ወንዝ እየወረደ መልሶ ይወጣል። ያዋረደኝ ከእነዚህ ቁልቁለቶች አንዱ ነው።

ሳላስበው እጄ ማርሹን ዜሮ ላይ አደረገው። እኔ አይደለሁም፣ እጄ ነው። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ እያንዳንዱ መኪና በሊትር ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ በየሳምንቱ ይጻፋል፤ ብዙ ያቃጠለ ሹፌር አቶ ታምራት ዘንድ ይጠራል፣ ይጠየቃል። ነዳጅ በሰልፍ መሆን ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ባሰ። ስለዚህ ሁላችንም መንገዱ ትንሽ ዘቅዘቅ ካለ ማርሹን ዜሮ አድርገን መኪናውን እንለቀዋለን። ሀዋሳ ላይ ይህ ጉብዝና ነው። ማን ስንት ቆጠበ እየተባባልን እንፎካከርበታለን።

እዚህ ግን መኪናዋ ዜሮ ላይ እንደሆነች ትሮጥ ጀመር። ፍሬን ያዝኩ፤ ያዘልኝ። መታጠፊያውን ስዞር ፊት ለፊት ቀርከሃ የጫነ የፈረስ ጋሪ አየሁ። እንደገና ያዝኩ፤ ፔዳሉ ሰመጠ፣ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ጋሽ ዳንጊሶ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ ሳያደርጉ «ነዳጅ ስጪና ሁለተኛ አስገቢ» አሉኝ። ማርሹ አንዴ ተንጫጭቶ እምቢ አለ፣ ሁለተኛውን ጊዜ ገባ። ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናዋ ተያዘች። ጋሪው ጎን አለፍን፤ ፈረሱ እንኳ ዞሮ አላየንም።

ከድልድዩ ማዶ አቆምኩ።

«ምን አድርገሽ ነው?» አሉ ጋሽ ዳንጊሶ።

«ዜሮ አደረግኩት። ነዳጅ ልቆጥብልዎ ብዬ።»

«ነዳጅ ቆጥበሽ እኔን ልትጨርሺኝ?» አሉና ወረዱ። ከኋላ ካለው ዕቃ መሃል የቃጫ ገመድ አውጥተው መጡና ጋቢናው ወለል ላይ ጣሉት። «ነገ ይህቺ ትፈለጋለች።»

ያን ቀን መልሼ መሪ አልያዝኩም። ሀገረ ሰላም እስክንደርስ በራሴ ተናድጄ መስኮቱን እያየሁ ሄድኩ። አቶ ታምራትን መጥላት ቀላል ነበር፤ የእሳቸውን ልማድ በራሴ እጅ ላይ ማግኘቴ ግን አበሸቀኝ።

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ ሀገረ ሰላም

ያደርኩት ጋሽ ዳንጊሶ ቤት ነው። ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ባለቤታቸው ሁለት ብርድ ልብስ ደርበውልኝም አልበቃኝም። ጠዋት ትኩስ ወተት ጠጥተን ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ የሣር ቁልቁለት ሄድን።

መሪ እይዛለሁ ብዬ ስጠብቅ ዱላ ሰጡኝ። «መጀመሪያ በእግር።» ላይና ታች ሦስት ጊዜ አስወረዱኝ። ረግረጉ የት እንደሆነ በዱላ እየወጋሁ እንዳገኝ፣ ድንጋዩ የት እንደሚጀምር በእግሬ እንዳውቅ፣ ጎማዎቹን በየት በየት እንደማሳልፍ ከላይ እስከ ታች በቃሌ እንድነግራቸው አደረጉ። እኛ ሹፌሮች መንገድ ለማየት መውረድ ነውር ነው እንላለን፤ የወረደ ሹፌር ፈሪ ይባላል። ይህንን ስነግራቸው «እኔ ያላየሁትን መንገድ ነድቼ አላውቅም፤ ወርደው ሳያዩ የነዱትን ግን ብዙዎቹን ቀብሬአለሁ» አሉ። ቀልድ መስሎኝ ዞሬ አየኋቸው፤ አልሳቁም።

ከዚያ መኪና ውስጥ ገባን። አራቱንም ጎማ የሚያዞረውን ፎር ዊል ከባዱ፣ ዝግ ብሎ የሚጎትተው ላይ አስገቡልኝ፣ አንደኛ ማርሽ አስገቡና የማርሹን ዘንግ በቃጫው ገመድ ከወንበሩ እግር ጋር ጠፍረው አሰሩት። «አሁን እጅሽ ቢፈልግም አይችልም።» የግራ እግሬን ደግሞ ከፍሪሲዮኑ አንስቼ ከወለሉ እንዳላነቃንቀው አዘዙኝ። ፍሪሲዮን ረገጥሽ ማለት ዜሮ አደረግሽ ማለት ነው አሉ። ትምህርቱ በአጭሩ ይህ ነበር፤ ማርሹ የሚመረጠው አፋፉ ላይ ነው፣ መሃል ላይ አይቀየርም። መኪናው ፊቱን ወደ ታች ቀጥ አድርጎ ይወርዳል፣ ወደ ጎን አይዞርም። ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል፣ ፍሬን የሚነካው ለስለስ ተደርጎ ነው።

ለመናገር ቀላል ነው። አፍንጫዋ ወደ ታች ሲደፋና ሰማዩ ከመስታወቱ ሲጠፋ ግን ሰውነቴ በሙሉ ፍሬን ርገጪ ይለኛል። መኪናዋ እየጮኸች በሰው እርምጃ ትወርዳለች። ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ቀደሙን። አንዷ ዞር ብላ በሲዳምኛ አንድ ነገር አለች፤ ሁሉም ሳቁ። ጋሽ ዳንጊሶ ተረጎሙልኝ፦ «መኪናው ታሟል ወይ እያሉ ነው።»

«ምን ልበላቸው?»

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል በያቸው።»

ስንት ጊዜ እንደወረድኩ አላስታውስም። ከሰዓት በኋላ ካፊያ ጣለ። «ይኸው፣ የፈለግነው መጣ» አሉ ጋሽ ዳንጊሶ፤ እኔ ግን አልፈለግኩትም ነበር። እርጥቡ ሣር ላይ ከግማሽ እንዳለፍን የመኪናዋ ኋላ ወደ ቀኝ ሸተት አለ። ደነገጥኩና ፍሬኑን ደፍቼ ረገጥኩት። አራቱም ጎማ ቆመ፣ መኪናዋ ግን አልቆመችም፤ በጎኗ ተንሸራታ የአንድ ሰው የቀርከሃ አጥር ጥሳ እንሰቱ መሃል ገባች።

የአጥሩ ባለቤት ሽማግሌ ናቸው፤ ካባቸውን እየደረቡ ከቤት ወጡ። ሊጮሁብኝ ነው ብዬ ተሰናዳሁ፤ እኔም የምመልሰውን አዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን መጀመሪያ እኔን ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ፣ ቀጥሎ ጋሽ ዳንጊሶን ሰላም አሉ፣ ከዚያ ወደ ቤት ግቡ አሉን። አጥር አፍርሶ የገባም ቢሆን እንግዳ ነው፣ ሳይበላ አይወጣም አሉ። ቅቤው የሚንሳፈፍበት፣ ከቆጮ የተሠራ ቡርሳሜ በሸክላ ዕቃ ቀረበ፣ ከእርጎ ጋር። እጄ ጭቃ ነበር፤ አስታጠቡኝና በላሁ። በላሁ ስል እንደ ቀማሽ አይደለም፣ ጠግቤ ነው የበላሁት።

ስንበላ ቁልቁለቱ ላይ ምን እንደምሠራ ጠየቁኝ፤ ክትባት ለማድረስ መሆኑን ጋሽ ዳንጊሶ ነገሯቸው። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «የክትባት መኪና ክረምት ሲገባ ጫማ አውልቅን ወርዶ አያውቅም። አፋፉ ላይ ያራግፉና ይመለሳሉ። ከዚያ በኋላ ፈረስ ከተገኘ በፈረስ፣ ካልተገኘ በሰው ጀርባ ነው።»

ይህን አቶ ታምራት ነግረውኝ አያውቁም። የእኛ ሰዎች ከላይ አራግፈው እየተመለሱ «ደርሷል» ብለው ይጽፉ ኖሯል። የደጋው ሌላ ነው ሲሉኝ የነበሩት እነዚህ ናቸው።

ጎረቤት ተጠርቶ መኪናዋ ተጎትታ ወጣች። አጥሩን እኔና ጋሽ ዳንጊሶ እዚያው ሠርተን ሄድን። መንገድ ላይ እንዲህ አሉኝ፦ «ኋላው ሲሸሽ ፍሬን አይደለም። ትንሽ ነዳጅ ነው። ጎማው ይዙር፣ ሲዞር ይይዛል። የሚያስፈራሽን ነገር ማድረግ አለብሽ።» ከመምሸቱ በፊት ተመልሰን ያንኑ ቦታ ሁለት ጊዜ ወረድነው። ሁለቱንም ጊዜ ኋላው ሸሸ፣ ሁለቱንም ጊዜ ነዳጅ ሰጠሁ፣ መኪናዋም ቀጥ አለች። ሁለተኛውን ስጨርስ ጋሽ ዳንጊሶ ቢላዋ አውጥተው ቃጫውን ቆረጡት።

እሑድ፣ ሀገረ ሰላም

ጠዋት ከጋሽ ዳንጊሶ ባለቤት ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። መዝሙሩ በሲዳምኛ ነው፤ ዜማውን ስለማውቀው እኔ በአማርኛ ዘመርኩ፣ ማንም አልተቆጣም። የጸለይኩት እንዳልፈራ አይደለም፤ ስፈራም እጄ ትክክለኛውን ነገር እንዲያደርግ ነው።

ከሰዓት በኋላ ትምህርቱ ዳገት ነበር። ዳገቱ መሃል ሞተር ቢጠፋ ዞሮ ለመውረድ መሞከር መገልበጥ ነው፤ ፍሬን ይዞ፣ የኋላ ማርሽ አስገብቶ፣ በመጡበት ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ መመለስ ነው። ጋሽ ዳንጊሶ ሆን ብለው መሃል ላይ ሞተር እያስጠፉኝ ወደ ኋላ አስወረዱኝ። አንገቴ እስከ ማታ ታመመ።

ማታ እራት ላይ «ነገ አብረውኝ ይምጡ» አልኳቸው።

«አልመጣም። ከመጣሁ ሰውየው የሚፈትነው እኔን ነው» አሉ። ቅር አለኝ። ልክ መሆናቸው ደግሞ የባሰ አናደደኝ።

ሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ጫማ አውልቅ

ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ነበር። አቶ ታምራት የመሥሪያ ቤቱን መኪና ራሳቸው ነድተው ሀገረ ሰላም ላይ አገኙኝ፤ የክትባቱ የበረዶ ሳጥን ከኋላ ታስሯል። ወርደው ሰማዩን አዩና «ዛሬ እንኳ ይቅርብሽ፤ አፋፉ ላይ አራግፈን እንመለስ። አልቻልሽም አልልም፤ አልተመቸም እላለሁ» አሉ። ደግ መሆናቸው ነው።

«ከዚያስ ይፈርማሉ?»

«እሱን እንኳ አልችልም።»

«እንግዲያው ቁልፉን ይስጡኝ።»

አፋፉ ላይ ስንደርስ አቁሜ ወረድኩ፣ ዱላዬን ያዝኩ። ቁልቁለቱን ከላይ እስከ ታች በእግሬ ሄድኩበት። ሌሊት የወረደው ጎርፍ በግራ በኩል፣ ገደሉ አጠገብ፣ ጉልበት የሚያስገባ ቦይ ቆርጧል። የድሮው የጎማ ዱካ በቀጥታ ወደዚያ ቦይ ነው የሚወስደው። በቀኝ በኩል ግን ጭቃው ሥር ድንጋይ አለ፤ ዱላዬ ኳ ብሎ ነገረኝ። ተመልሼ ስወጣ ሃያ ደቂቃ ያህል ሆኖኛል፤ አቶ ታምራት ከመኪናው ወጥተው እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ቆመዋል።

«ሹፌር ነሽ ወይስ ቀያሽ?»

«ዛሬ ሁለቱንም ነኝ። ቀበቶዎን ይታጠቁ።»

«እኔ?»

«ካልታጠቁ አልንቀሳቀስም።»

ታጠቁ። ፎር ዊሉን ከባዱ ላይ፣ ማርሹን አንደኛ ላይ ሳስገባ እጄን አዩና ፊታቸው ተለወጠ። «ምን ሊያደርግልሽ ነው ይሄ ሁሉ? በዚህ ከወረድሽ ናፍጣውን ትጨርሺዋለሽ። ሁለተኛ ይበቃል፤ ከመሃል በታች ያለችውን ደግሞ ዜሮ አድርገሽ ልቀቂያት። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው።»

«ሁሉም የት ወርዶ ነው? አፋፉ ላይ እያራገፉ የሚመለሱት አይደሉም እንዴ?»

ክረምት በመጣ ቁጥር እንደሚያራግፉ መስማቴ ገባቸው።

«አቶ ታምራት፣ እኔ በዜሮ ማርሽ አልወርድም» አልኩ። «በዜሮ የሚወርድልዎ ከፈለጉ ሌላ ሰው ይቅጠሩ። ይህንን መኪና ግን ዛሬ እኔ ነኝ የማወርደው።»

እንዲህ ስል ደፋር መስያለሁ። መፍራቴን ግን እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው።

መኪናው አፍንጫውን ደፋ። ሰማዩ ጠፋ። ሞተሩ ጮኸ፣ እግሮቼ ወለሉ ላይ ናቸው፣ በቀኝ በኩል ድንጋዩን ይዤ ወረድኩ። አንድ ሜትር፣ ሁለት ሜትር። የበረዶ ሳጥኑ ገመዱን ሲስብ ሲጢጥ ይላል። ግማሹን ስናልፍ ድንጋዩ አለቀና ጭቃው ብቻ ቀረ። ኋላው ወደ ግራ ሸተት አለ። ትንሽ ነው፤ እየጠበቅኩት ነበር፣ እግሬም ወደ ነዳጁ እየሄደ ነበር።

ያኔ አቶ ታምራት የእጅ ፍሬኑን ይዘው ጎተቱት።

የኋላ ጎማዎቹ መዞር አቆሙ። የመኪናው ኋላ እንደ በር ተከፍቶ ወደ ገደሉ ዞረ። በእሳቸው መስኮት በኩል የነበረው ዳገት ጠፍቶ የወረድንበት መንገድ ታየ፤ በእኔ መስኮት በኩል ቦዩ፣ ከቦዩ ወዲያ ደግሞ ምንም። እጃቸውን በክርኔ መታሁት። ለቀቁ። ፍሬኑን ጥዬ መሪውን ወደ ተንሸራተተበት አዞርኩና ነዳጅ ሰጠሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ የማይመስል ነገር አድርጌ አላውቅም፤ ወደ ገደል እየሄደ ያለ መኪና ላይ ነዳጅ መስጠት። ጎማዎቹ ጭቃ እየረጩ ዞሩ፣ ዞሩ፣ ከዚያ ያዙ። አፍንጫው ወደ ታች ተመለሰ። ከነዳጁ ላይ እግሬን አነሳሁ፣ ሞተሩ እንደገና ያዘን፣ በሰው እርምጃ ወረድን።

ታች ሜዳው ላይ አቁሜ ሞተር አጠፋሁ። አቶ ታምራት ክንዳቸውን ያሻሹ ነበር። እኔ እንባ መጣብኝና ትንሽ አለቀስኩ፣ በንዴት ነው። በእጄ ጀርባ ጠርጌው መኪናውን አስነሳሁ።

ጤና ኬላው በር ላይ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ወርቅነሽ ቆማ ነበር፤ ልጆች የታቀፉ እናቶች ከጣሪያው ክንፍ ሥር ተቀምጠዋል። መኪናውን አየት አድርጋ ወደ ቁልቁለቱ አየች፣ እንደገና መኪናውን አየች። «በየት መጣችሁ?» አለች።

«በመንገዱ» አልኳት።

ሳጥኑን ከፍታ በረዶውን በእጇ ነካች፤ አልቀለጠም። «ፈረስ ልልክ ሰው እየፈለግኩ ነበር» አለችኝ፤ ከዚያ በኋላ እኔን ረስታ ወደ ሥራዋ ገባች። ደስ አለኝ። ለእሷ መኪና ደጇ ድረስ መምጣቱ መሆን ያለበት ነገር ነው።

ስንመለስ አቶ ታምራት የፊት በሩን ሊከፍቱ ሲሉ ቆለፍኩት።

«ከኋላ ይቀመጡ።»

«ዘነበች፣ እኔ አለቃሽ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ዳገቱ ላይ ሞተር ቢጠፋብኝ እጅዎ የእጅ ፍሬኑ አጠገብ እንዲሆን አልፈልግም። ወይ ከኋላ ይቀመጣሉ፣ ወይ በእግር ይወጣሉ።»

ቁልቁለቱን አዩት፣ ጫማቸውን አዩ። ከኋላ ተቀመጡ። አንዴም ሳናቆም ወጣን።

ሰኞ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት፣ ወደ ሀዋሳ

በሀገረ ሰላም በኩል ስናልፍ ጋሽ ዳንጊሶ ደጃቸው ላይ ነበሩ። መስታወት ዝቅ አድርጌ ወረድነው አልኳቸው። ከኋላ የተቀመጡትን አቶ ታምራትን አዩና ምንም ሳይጠይቁ ጢማቸውን አሻሹ፤ ለመንገድ ብለው አንድ ጠርሙስ ወተት ሰጡኝ።

አለታ ወንዶ ላይ ከአቶ ታምራት ጋር ወርደን ጥብስ በላን፤ ከዚያ በኋላ ከፊት ይቀመጡ አልኳቸው፣ አስፋልት ስለሆነ። የጠዋቱን ነገር ያነሱት ይርጋለም አካባቢ ነው።

«እጄን መታሽው።»

«አዎ።»

«የኃላፊን እጅ።»

«የማንም እጅ ቢሆን እመታው ነበር።»

«ዜሮ አድርገን መውረድ የጀመርነው እኔ ሹፌር እያለሁ ነው» አሉ። «ያኔም ነዳጅ ይጻፍብን ነበር። አንድ ጓደኛችንን በዚያ ምክንያት አጣነው። ፍሬን ከድቶት ነው ተባለ፤ እኛም ፍሬን ከድቶት ነው አልን።» ለሰውየው አዘንኩላቸው፤ ግን አላስታረቀኝም። ያንን እያወቁ ነው ዛሬ ጠዋት በዜሮ ውረጂ ያሉኝ።

ሀዋሳ ስንገባ ፀሐይ ሐይቁ ላይ ነበረች። ሜዳው ደስ አለኝ፤ ባጃጆቹም ጭምር።

ማክሰኞ፣ ሀዋሳ

ይህን ጉዞ ለምን እንደጻፍኩት ልናገር። ቁልቁለት መውረድን ለሚፈልግ ሰው ያስተማሩኝን ከላይ ጽፌዋለሁ፤ ወንድም ሴትም ይውሰደው። እኔ ግን ከሁሉ በላይ የገባኝ ነገር እግሬና እጄ ለአሥራ አንድ ዓመት የሌላ ሰው ፍርሃት ሲታዘዙ እንደኖሩ ነው። ቁጠቢ ሲሉኝ ዜሮ አደረግኩ፣ አትውረጂ ሲሉኝ መኪናው ውስጥ ተቀመጥኩ፣ ለከተማ ጎበዝ ነሽ ሲሉኝ በከተማ ቆየሁ። ይህንን ሁሉ ደግሞ ሙያ እለው ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ የእኔ ሳይፈታ ቀድሜ ስለደረስኩበት እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ።

ዛሬ ጠዋት የሰው ኃይል ክፍል ጠራኝ። የክፍሉ ባለሙያ ሴት ናት፣ ረጋ ያለች። የፈተናዬን ቅጽ ጠረጴዛው ላይ አዙራ አሳየችኝ። አቶ ታምራት በእጃቸው ሁለት መስመር ጽፈዋል፦ «ቁልቁለት ትችላለች። ትእዛዝ አትቀበልም።» ከሥሩ ፈርመዋል።

«ቦታው ያንቺ ነው» አለች። «ይህ ሁለተኛው መስመር ግን ፋይልሽ ውስጥ ይቀመጣል። እድገት ሲመጣ፣ ሌላ ቦታ ስታመለክቺ ይታያል። ከፈለግሽ ደውዬ ላሰርዝልሽ፤ እሳቸውም እንቢ የሚሉ አይመስለኝም።»

ቅጹን ወደ እኔ ሳብኩት። ከታች «የሠራተኛው አስተያየት» የሚል ባዶ ቦታ አለ። እስክሪብቶ ተዋስኳትና «ልክ ነው። ቁልቁለት ላይ የሚያዘው መሪ የያዘው ነው» ብዬ ጻፍኩበት።

ፈርሜ የመስክ መኪናውን ቁልፍ ተቀበልኩ።